ስክሪኑ ሲዋሽ፦ ከባድ አዮን በሴራሚክ ሲንቲሌተር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ደረጃ በደረጃ መለየትና መለካት

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርን። ቢሙ፣ ማለትም የአዮኑ (ቻርጅ ያለው አቶም) ጨረር፣ ስክሪኑ ላይ፣ ማለትም ቢም ሲመታው በሚያበራው ገበታ ላይ፣ ከወትሮው ሰፍቶ ታየ። ቢሙን ከሚያጠቡት ማግኔቶች አንዱን ነካን፤ አልጠበበም። ሌላ ነካን፤ ጭራሽ ባሰበት። ሊነጋጋ ሲል ማግኔቶቹን ወደነበሩበት መለስንና አንዱ ባልደረባችን ስክሪኑን በሞተር 8 ሚሊሜትር ያህል ገፋ አደረገው። ቢሙ ያልተመታ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጥርት ብሎ፣ ጠበብ ብሎ ታየ። ሌሊቱን ሙሉ ጤነኛ ቢም ስናክም ነው ያደርነው። የታመመው ስክሪኑ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያን ሌሊት እንዳይደግመው ነው። የጨረራ ጉዳት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የደበዘዘ ስክሪን ነው። መደብዘዙ ግን ቀላሉ ነው፤ የካሜራውን አይሪስ (የብርሃን መግቢያውን) ከፈት ማድረግ ይበቃል። ክፋቱ እኩል አለመደብዘዙ ነው። ቢሙ መሃሉ ላይ ይበረታል፣ ስለዚህ ስክሪኑም መሃሉ ላይ ቀድሞ ይደክማል፣ መሃሉ ሲደክም ደግሞ ዳሩ ከሚገባው በላይ ደምቆ ይታያልና ምስሉ ይሰፋል። ስክሪኑ የሚዋሸው በድምቀቱ ብቻ ሳይሆን በቅርጹ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እያወራን ነው?

ሲንቲሌተር ጨረራ ሲመታው ብርሃን የሚሰጥ ቁስ ነው። ሴራሚክ ሲሆን ደግሞ ዱቄቱ ተጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ፣ እንደ ሸክላ ጠንክሮ የወጣ ገበታ ነው። እንደ ነጠላ ክሪስታል ውድ አይደለም፣ በትልቅ ስፋት ይሠራል፣ ቫኪዩምና ሙቀትም ይችላል። ለዚህ ነው ከባድ አዮን የሚያፋጥኑ ማዕከላት የሚወዱት። ጀርመን ዳርምሽታት የሚገኘው ጂኤስአይ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ ከፕሮቶን ጀምሮ እስከ ዩራኒየም ድረስ ይፋጠናል፤ ቀጥታ መስመሩ ማፋጠኛ ዩኒላክ ለእያንዳንዱ ኑክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) እስከ 11.4 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክብ ማፋጠኛ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር። ስክሪኑ በ45 ዲግሪ ቢሙ መንገድ ላይ ይገባል፣ ካሜራ በመስኮት በኩል ያየዋል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ራዘርፎርድና ማርስደን የአልፋ ቅንጣትን (የሂሊየም ኑክሊየስን) ብልጭታ በዚንክ ሰልፋይድ ስክሪን ሲቆጥሩ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ፣ ስክሪኑ በተመታ ቁጥር ብርሃኑ እየቀነሰ እንደሚሄድ አይተው ነበር። እኛ ዛሬ የምንልከው ግን አልፋ ሳይሆን ዩራኒየም ነው።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፣ አዮኑ አቶም ከቦታው ያፈናቅላል። አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ውስጥ ኦክስጅን ከቦታው ሲነሳ ባዶው ጉድጓድ ኤሌክትሮን ይይዝና የቀለም ማዕከል የሚባለው ይፈጠራል፤ ይህ ማዕከል ብርሃን ይውጣል፣ አንዳንዴም የራሱን ብርሃን ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ብርሃን የሚያመነጨው ባዕድ አቶም፣ ክሮሚየም ይሁን ሴሪየም ወይም ተርቢየም፣ ዙሪያው ሲረበሽ ወይም ቻርጁ ሲቀየር ሥራ ያቆማል። ሦስተኛ፣ ከባድ አዮን በሄደበት መስመር ሁሉ ጠባብ የተረበሸ ዱካ ትቶ ያልፋል፤ ዱካዎቹ ሲደራረቡ ላይኛው ሽፋን ሥርዓቱ ይፈርሳል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያለውን ስክሪን እወቁ

ቀላል ይመስላል፣ ግን «ቢጫው ስክሪን» ብለው ብቻ የሚጠሩትን ሰዎች አይቻለሁ። ዓይነቱን፣ ውፍረቱን፣ የገባበትን ቀን፣ የትኛው ፊቱ ወደ ቢሙ እንደሚያይ ጻፉ። በብዛት የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው፦

ክሮሞክስ፣ ክሮሚየም የተጨመረበት አሉሚና። እንደ ሩቢ ድንጋይ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፣ 693 ናኖሜትር አካባቢ። ጠንካራ ነው፣ ግን ብርሃኑ ቶሎ አይጠፋም፤ ለብዙ ሚሊሰከንድ ይቆያል።

ፒ43፣ ተርቢየም ያለበት ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ። አረንጓዴ፣ 545 ናኖሜትር። በጣም ደማቅ ነው፤ ደካማ ቢም ለማየት የሚሻል የለም። ብዙውን ጊዜ ግን ዱቄቱ በማጣበቂያ መደቡ ላይ የተቀባ ነውና እንደ ተተኮሰ ገበታ አትዩት።

ያግ (ኢትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት) ከሴሪየም ጋር። 550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ብርሃኑ በ70 ናኖሰከንድ ገደማ የሚጠፋ ፈጣን ቁስ ነው።

ምንም ያልተጨመረበት አሉሚና። ብርሃኑ የሚመጣው ከራሱ የቀለም ማዕከላት ነው፣ በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ በኩል፣ 330 እና 410 ናኖሜትር አካባቢ። ልብ በሉ፣ እዚህ ጉዳቱና የብርሃኑ ምንጭ አንድ ነገር ናቸው። ስለዚህ ሲመታ መጀመሪያ ደምቆ ኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህን ሳታውቁ ብትለኩት ግራ ያጋባችኋል።

ለኃይለኛ ቢም እኔ የምመርጠው አሉሚናና ክሮሞክስን ነው። ፒ43ን ለደካማ ቢም አቆዩት። ደማቅ ስለሆነ ብቻ ኃይለኛ ቢም ላይ የሚያስገቡት ሰዎች ስክሪኑን ያለ ጥቅም ያቃጥሉታል።

ደረጃ 2፦ አዮኑ ምን ያህል እንደሚገባ አስሉ

ስሪም የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃችኋል። አዮኑን፣ ጉልበቱን፣ የስክሪኑን ስሪትና እፍጋት ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ጥልቀቱንና በየማይክሮሜትሩ የሚተወውን ጉልበት ይሰጣችኋል።

በዩኒላክ ጉልበት ዩራኒየም አሉሚና ውስጥ የሚሄደው በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ማለትም ስክሪናችሁ 1 ሚሊሜትር ቢወፍርም የሚሠራውም የሚጎዳውም ላይኛው ስስ ቆዳ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ጉልበት ሲሆን ደግሞ አዮኑ ገበታውን በስቶ ያልፋል፤ ጉዳቱ በውፍረቱ ሁሉ ይበተናል፣ በየማይክሮሜትሩም ያንሳል። አቶም ማፈናቀሉ የሚበረታው አዮኑ ሊቆም ሲል ስለሆነ፣ በስቶ የሚያልፈው አዮን ስክሪን ውስጥ ከሚቆመው ይልቅ ስክሪንን ይምራል።

ደረጃ 3፦ ገና ንጹህ ሳለ መነሻ ፎቶ አንሱ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ግምት ነው። አዲስ ስክሪን ሲገባ፣ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ሦስት ነገር ያዙ፤ የደረጃ 7ን ካርታም ቢም ሳይነካው አንድ ጊዜ አንሱ።

አንድ፣ ካሜራው በጨለማ የሚያነሳው ምስል። ካሜራውም ራሱ ይጎዳል፤ በጨረራ የተመቱ ፒክሰሎች ነጭ ነጥብ ይሆናሉ፣ ተራ መስታወት ሌንስም ቡናማ እየሆነ ይሄዳል።

ሁለት፣ የኤልኢዲ ምስል። ክፍሉ ውስጥ ከቢሙ ርቃ የተተከለች ትንሽ ኤልኢዲ ይኑራችሁ። የሌንሱን፣ የመስኮቱንና የካሜራውን ጤንነት የምትነግራችሁ እሷ ናት። ስክሪኑ ዳር ላይ ቢም የማይደርስበትን ምልክት ታብራ፣ ፎቶ አንሱ፣ ድምቀቱን መዝግቡ። ወደፊት ስክሪኑ ሲደበዝዝ የኤልኢዲዋ ምልክትም አብሮ ከደበዘዘ ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም።

ሦስት፣ በጣም ደካማ በሆነ ቢም፣ ከአሥር ባልበለጡ ምቶች (ምት ማለት ቢሙ በአንድ ጊዜ የሚልከው የአዮን ጭነት ነው)፣ የመጀመሪያው ምስል። ኤክስፖዠሩን፣ አይሪሱንና ጌይኑን (የካሜራውን ማጉያ) ጻፉና አትንኩት። አውቶማቲክ ጌይን ካለ አጥፉት! የካሜራው አውቶማቲክ ጉዳቱን እያካካሰ ይደብቅባችኋል።

ደረጃ 4፦ ያረፈውን አዮን ቁጠሩ

ሰዓት አትቁጠሩ፣ የምት ብዛትም ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ያረፈው የአዮን ብዛት ነው፤ ፍሉዌንስ ይሉታል። በየምቱ ያለውን የአዮን ብዛት የቢሙን ኤሌክትሪክ ከሚለኩት፣ ከከረንት ትራንስፎርመር ወይም ከፋራዳይ ካፕ፣ ውሰዱ።

በቁጥር እንየው። አንድ ምት 1 ቢሊዮን አዮን አለው እንበል፤ ቢሙ ክብ የደወል ቅርጽ ነው፣ ሲግማው (የደወሉ ስፋት መለኪያ) 2 ሚሊሜትር። መሃሉ ላይ የሚያርፈው የአዮኑ ብዛት ለ(2 × ፓይ × ሲግማ × ሲግማ) ተካፍሎ ነው። 2 ሚሊሜትር 0.2 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ አካፋዩ 0.25 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ መልሱ በአንድ ምት ወደ 4 ቢሊዮን አዮን በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ከ1,000 ምት በኋላ 4 ትሪሊዮን ደረሳችሁ። ቢሙን አጥብባችሁ ሲግማው 1 ሚሊሜትር ቢሆን ያው ቁጥር በአራት ይባዛል። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ጠባብ ቢም ስክሪን ይበላል።

ወደ ዶዝ (ቁሱ በየኪሎግራሙ ወደተቀበለው ጉልበት) መቀየር ከፈለጋችሁ፣ መለኪያውን ግሬይ ለማግኘት 1.6 × ጉልበት በማይክሮሜትር (በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት) × ፍሉዌንስ ÷ እፍጋት አባዙና ውጤቱን ለ1 ቢሊዮን አካፍሉ። ለምሳሌ 10,000 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በማይክሮሜትር፣ 1 ትሪሊዮን አዮን፣ እፍጋት 4። ወደ 4 ሚሊዮን ግሬይ ይመጣል። ከባድ አዮን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ይህን አንድ ጊዜ በእጃችሁ አስሉት።

ደረጃ 5፦ ኩርባውን ሳሉ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው።

ቢሙ ሳይንቀሳቀስ፣ ቦታው ሳይቀየር፣ ምስል በምስል ተከታተሉ። ከእያንዳንዱ ምስል መሃል ትንሽ ቦታ ውሰዱ፣ 5 በ5 ፒክሰል ይበቃል፤ ድምቀቱን ለዚያ ምት የአዮን ብዛት አካፍሉ። ይህ የአንድ አዮን ብርሃን ነው። ከፍሉዌንስ ጋር ሳሉት።

በርክስና ብላክ እ.ኤ.አ. በ1951 አንትራሲን የሚባለው ኦርጋኒክ ሲንቲሌተር በአልፋ ሲመታ የሚደበዝዝበትን ሕግ አውጥተው ነበር፤ ለብዙ ሴራሚክም ይሠራል። የቀረው ብርሃን = የመጀመሪያው ብርሃን ÷ (1 + ፍሉዌንስ ÷ ግማሽ ፍሉዌንስ)። ግማሽ ፍሉዌንስ ማለት ብርሃኑ እኩሌታ የሚሆንበት ነው። አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፦ ብርሃኑን ሳይሆን ግልባጩን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ለአሁኑ አካፍላችሁ ሳሉ። ሕጉ ከሠራ ቀጥታ መስመር ይወጣል፣ ግማሽ ፍሉዌንሱም ቁጥሩ 2 ላይ የሚደርስበት ነው። መስመሩ ከጎበጠ ሌላ ነገር ተቀላቅሏል፤ ደረጃ 6ን አንብቡ።

የሌላ ቤተ ሙከራ ግማሽ ፍሉዌንስ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። በአዮኑ ዓይነት፣ በጉልበቱ፣ በገበታው ንጽሕና ይለያያል። የራሳችሁን ለኩ።

አሁን ውሸቱን በቁጥር እንየው። መሃሉ ልክ ግማሽ ፍሉዌንስ ላይ ደርሷል እንበል። መሃሉ 0.5 ብርሃን ይሰጣል። አንድ ሲግማ ላይ ያረፈው አዮን የመሃሉ 61 በመቶ ነውና ስክሪኑ እዚያ 62 በመቶ ብርሃኑን ይዟል። የደወሉ ከፍታ እዚያ ላይ ከመሃሉ 61 በመቶ መሆን ሲገባው 76 በመቶ ገደማ ሆኖ ይታያል። በግማሽ ቁመት ያለው ስፋት ከ4.7 ሚሊሜትር ወደ 5.9 ይዘላል፤ 26 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ምስሉ ላይ ግን ምንም እንግዳ ነገር አይታይም። ጉድጓድ የለም፣ ጥቁር ነጥብ የለም፣ ለስላሳ ደወል ነው። ኦፕሬተሩ የሚያየው ሰፊ ቢም ብቻ ነው። ያን ሌሊት ያየነው ይህንኑ ነበር።

ደረጃ 6፦ ጉዳት የሚመስሉትን ለዩ

ቢሙ ደበዘዘ ማለት ስክሪኑ ተጎዳ ማለት አይደለም። ቸኩላችሁ አትፍረዱ።

ሙቀት። ኃይለኛ ቢም ስክሪኑን ያግላል፤ የጋለ ስክሪን ብርሃኑ ይቀንሳል። ቢሙን አጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ በደካማ ነጠላ ምት ለኩ። ብርሃኑ ከተመለሰ ሙቀት ነው። ካልተመለሰ ጉዳት ነው። ግማሹ ከተመለሰ ሁለቱም ናቸው፣ በተግባር አብዛኛው የሚገጥማችሁም ይኸው ነው።

ጥጋብ። በአንድ ምት ብዙ አዮን ሲመጣ ስክሪኑ ወይም ካሜራው ከዚያ በላይ አልችልም ይላል። የአዮኑን ብዛት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ውሰዱ፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ወደ ዝቅተኛ መልሱ። ሲወጣም ሲወርድም ኩርባው አንድ ከሆነ ጥጋብ ነው። ሲመለስ ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ጉዳት ነው።

ቻርጅ። ሴራሚክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አዮን ውስጡ ሲቆም ቻርጁ ይከማችና ምስሉ ይዘላል ወይም ብልጭ ይላል። የስክሪኑ መያዣ ከመሬት መስመር ጋር በደንብ መገናኘቱን እዩ።

መድመቅ። አንዳንድ ቁስ መጀመሪያ ሲመታ ብርሃኑ ይጨምራል፤ በውስጡ ያሉት ወጥመዶች ኤሌክትሮን ሞልተው ስለሚጠግቡ ነው። ይህን መነሻ አድርጋችሁ ከያዛችሁ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይጣመማል።

ካርቦን። ይህ ብዙ ሰው አታሏል። ቫኪዩሙ ውስጥ ትንሽ የዘይት ትነት ካለ ቢሙ ይሰባብረውና ስክሪኑ ላይ ቡናማ የካርቦን ሽፋን ያነጥፋል። መሃሉ ላይ የጠቆረ ክብ ታያላችሁ፣ «ተቃጠለ» ትላላችሁ፣ ሴራሚኩ ግን ደህና ነው።

ደረጃ 7፦ ያለ ቢም ካርታ አንሱ

የቢም ሰዓት ውድ ነው። ስክሪኑን በኤልኢዲ አብርታችሁ የጉዳቱን ካርታ ማንሳት ትችላላችሁ፣ ከቦታው ሳይነሳ። ክሮሞክስን በአረንጓዴ አብሩት፤ ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ካሜራው ላይ አድርጉ። ያግን በሰማያዊ፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ፣ ፊልተሩ ቢጫና አረንጓዴውን የሚያሳልፍ። ፒ43ን በአጭር አልትራቫዮሌት፣ 254 ናኖሜትር፤ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ መስኮቱም ኳርትዝ ካልሆነ አያልፍም።

ይህን ምስል በደረጃ 3 ስክሪኑ ንጹህ ሳለ በዚሁ መንገድ ላነሳችሁት ምስል ፒክሰል በፒክሰል አካፍሉ። ጤነኛው ቦታ 1 ይሆናል፣ የተጎዳው ከ1 ያነሰ። የቢሙ ጠባሳ በግልጽ ይወጣል፣ አንዳንዴ የወራት ታሪክ ተደራርቦ ታያላችሁ፤ እዚህ የትኛው ሙከራ እንደነበረ በዱካው ቅርጽ የሚለዩ ኦፕሬተሮች አሉ።

አንድ ጥንቃቄ። ኤልኢዲው ከተጎዳው ስስ ቆዳ በታች ያለውን ጤነኛውን ክፍልም ያበራል። ስለዚህ አዮኑ ላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ከቆመ ካርታው ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል። ካርታው የት እንደተጎዳ ይነግራችኋል፤ ምን ያህል ለሚለው ወደ ደረጃ 5 ኩርባ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

የመሃሉ ብርሃን የቀነሰው ከ10 በመቶ ባነሰ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ምንም አልነካም፤ መዝግቤ እቀጥላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ስክሪኑን ጥቂት ሚሊሜትር አንሸራትቱና ንጹህ ቦታ ተጠቀሙ። አንድ ትልቅ ገበታ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። የቢሙን ምስል ለካርታው እያካፈሉ ማረምም ይቻላል፣ ግን ለጊዜው ብቻ፤ ቢሙ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እርማቱ ራሱ አዲስ ስህተት ይሆናል።

ማሞቅስ? አሉሚናና ክሮሞክስ በአየር ውስጥ በብዙ መቶ ዲግሪ ሲሞቁ ብዙዎቹ የቀለም ማዕከላት ይድናሉ። ሙቀቱን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ በደቂቃ ከ5 ዲግሪ ባልበለጠ፣ ሲወርድም እንዲሁ፤ አለበለዚያ ገበታው ይሰነጠቃል። ፒ43ን ግን ምድጃ ውስጥ አታስገቡ፤ ሰልፋይዱ በአየር ይበላሻል፣ ማጣበቂያውም አይችልም። ሌላው፣ ምድጃው ካርቦኑንም ያቃጥላል። ስለዚህ ሞቆ ዳነ ማለት የዳነው ሴራሚኩ ነው ማለት አይደለም። ማወቅ ከፈለጋችሁ የተጣለ ስክሪን ለሁለት ስበሩ፣ አንዱን በአየር ሌላውን በአርጎን አሙቁ። በአየር የሞቀው ብቻ ከዳነ ካርቦንን ጠርጥሩ፤ አሉሚና ራሱም የጎደለውን ኦክስጅን ከአየር ሊወስድ ስለሚችል ፊቱን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ወስኑ።

ስክሪኑን ስታወጡ ራሱ ጨረራ የሚያወጣ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ቢም ከመታው በኋላ ሳይለካ በእጅ አይነካም። የጨረራ ጥበቃ ባለሙያው ይለካው፣ ካስፈለገ ቀናት ይቆይ፣ ጓንት አድርጉ፣ ፊቱን አትጥረጉ። ከዚያ በከረጢት አድርጋችሁ ላዩ ላይ ዓይነቱን፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ የመታውን አዮንና ጠቅላላ ፍሉዌንስ ጻፉ፤ ወደ ቢሙ ያይ የነበረውን ፊት በቀስት፣ ከላይ የነበረውን ጠርዝ በመስመር ምልክት አድርጉ። ቀስቱ ከሌለ ማይክሮስኮፕ ስር ሲገባ የቱን ፊት እንደምታዩ ማወቅ አትችሉም፤ አሉሚና ከሁለቱም በኩል ያው ነጭ ነው።